«ስንት ይከፍሉሻል?» በሙያ ማኅበር ያለ ደመወዝ ስለሚያገለግሉ እመቤቶች

በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዐይነት ክርክር ሲነሣ እንሰማለን። የቤቲቱ እመቤት ነርስ ወይም አዋላጅ ወይም መምህርት ትሆናለች። ሳምንቱን ሁሉ በሥራዋ ስትደክም ሰንብታ፥ የዕረፍቷ ቀን በደረሰ ጊዜ ነጠላዋን አጣፍታ «ዛሬ የማኅበራችን ስብሰባ አለብኝ» ብላ ትነሣለች። ያን ጊዜ ባሏ ወይም እናቷ «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሻል?» ብለው ይጠይቋታል። እርሷም «ምንም አይከፍሉኝም፤ እንዲያውም መዋጮ የምከፍለው እኔ ነኝ» ብላ ስትመልስ ቤቱ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ዝም ማለቱ መስማማቱን አያመለክትም።

እኛ ይህን ጥያቄ እንደ ከንቱ ጥያቄ አድርገን አንመለከተውም። ጊዜ የቤት ሀብት ነው። ከእሑድ ቀን ሦስት ሰዓት የተወሰደ እንደ ሆነ፥ ከልጆች ጥናት ወይም ከታመመ ዘመድ ጥየቃ ወይም ከእናቲቱ ከራሷ እንቅልፍ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ለጠያቂው የሚገባው መልስ «ለበጎ ሥራ ነው» የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ከዚህ አገልግሎት ምን እንደሚገኝ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነውም ይኸንኑ ነው። ከዚህ በታች የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአገራችን ሰው ያለ ዋጋ ማገልገልን ከውጭ አገር አልተማረም። የዕድር ዳኛ ሆኖ በሌሊት በሩ የሚንኳኳበት፥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሰውን አደራ በሣጥኑ የሚያኖር፥ ጸሐፊ ሆኖ ያልከፈለውንና የቀረውን እየመዘገበ የጎረቤት ቅያሜ የሚሸከም ሰው በየሰፈሩ አለ። የዚህን ሰው ደመወዝ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በቀብር ቀን ድንኳኑ ተተክሎ ሲገኝ የድካሙ ዋጋ ለሁሉ ይታያልና። የሙያ ማኅበር ግን ድንኳን የለውም። ዕድር ጎረቤትን ለሐዘን ቀን ሲያሰባስብ፥ የሙያ ማኅበር አንድ ዐይነት ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ስለ ራሱ ስለ ሥራው ያሰባስባል። ትምህርቱ ስንት ዓመት ይሁን፥ ነርስ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ማን ነው፥ አዲስ የተገኘው ሕክምና እንዴት ያለ ነው፥ አንዲት ባልደረባ በተከሰሰች ጊዜ ማን ይናገርላት እያለ ይመክራል። ፍሬውም ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዘሪው ዕድሜ በኋላ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ከቤት ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከንቱ ድካም መስሎ ቢታየው አያስደንቅም።

ይህ ፍሬ እንዴት እንደሚበቅል ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየን፥ በአሜሪካ የነበሩት የጥቁር ነርሶች ታሪክ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

ወይዘሪት ማርታ ፍራንክሊን በ1870 በኮኔቲከት ግዛት ተወለዱ። በ1897 በፊላዴልፊያ ከተማ ከሴቶች ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ አብረዋቸው ከተመረቁት መካከል ጥቁር እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ነርሶች በሰው ቤት እየተቀጠሩ ሕመምተኛ ያስታምሙ ነበር። ይህ የብቸኝነት ሥራ ነው። ነርሲቱ በአንድ ቤት ሳምንት ወይም ወር ትሰነብታለች፤ ሕመምተኛው ሲድን ወይም ሲሞት ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች፤ የሙያ ጓደኛ ሳታይ ዓመቱ ያልፋል። ጥቁሪቱ ነርስ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ነበረባት። ብዙ ሆስፒታሎች አይቀጥሯትም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች አይቀበሏትም፤ በደቡብ ግዛቶች የነበሩት የነርሶች ማኅበራትም አባል አያደርጓትም ነበር። ከ1916 ወዲህ ወደ አገር አቀፉ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር የሚገባው በየግዛቱ ማኅበር በኩል እንዲሆን ስለ ተደረገ፥ የግዛቱ በር የተዘጋባት ሴት የአገሩም በር ተዘጋባት።

ወይዘሪት ፍራንክሊን ይህ መከራ የሌሎቹም ነርሶች መከራ መሆኑንና አለመሆኑን፥ በአንድነት ለመቆምም ፈቃደኞች እንደ ሆኑ ለማወቅ ፈለጉ። ሄደው የሚጠይቁት መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም። ስለዚህ ከ1906 ጀምሮ የጥቁር ነርሶችን ስምና አድራሻ እያፈላለጉ፥ በገዛ እጃቸው እየጻፉ፥ በገዛ ገንዘባቸው ከአንድ ሺህ በላይ ደብዳቤ ላኩ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የአንድ ደብዳቤ ቴምብር 2 ሳንቲም ስለ ነበረ፥ ለአንድ ሺሁ ደብዳቤ ቴምብር ብቻ 20 ዶላር ያስፈልጋል፤ ወረቀቱና ቀለሙ ሳይቈጠር ነው። እኛን ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ከገንዘቡ የእጃቸው ድካም ነው። አንዱን ነገር ለሺህ ለማያውቁት ሰው መልሶ መላልሶ ለመጻፍ፥ ከሺሁ ጥቂቶቹ እንኳ እንደሚመልሱ ማመን ያስፈልጋል።

መልሱም መጣ። በኒው ዮርክ የሊንከን ሆስፒታል ምሩቃን ነርሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ አዳ ቶምስ፥ ጉባኤው በእነርሱ ከተማ እንዲሆን ጋበዙ። በ1908 በኦገስት ወር 52 ነርሶች በቅዱስ ማርቆስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው የጥቁሮች ምሩቃን ነርሶች አገር አቀፍ ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። ወይዘሪት ፍራንክሊን የመጀመሪያይቱ ፕሬዚዳንት፥ ወይዘሮ ቶምስ የመጀመሪያይቱ ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ያወጡትም ዓላማ የነርስነትን ትምህርት ከፍ ለማድረግ፥ በሙያው ውስጥ ያለውን የቀለም ልዩነት ለማፍረስ፥ ከመካከላቸውም መሪዎችን ለማፍራት የሚል ነበር። ይህን የመጨረሻውን ዓላማ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

በሚከተለው ዓመት በቦስተን በተደረገው ጉባኤ እንግዶቹን ንግግር አድርገው የተቀበሉት ወይዘሪት ሜሪ ማሆኒ ነበሩ። እርሳቸው በ1879 ተመርቀው በአሜሪካ በትምህርት ቤት የሠለጠኑ የመጀመሪያይቱ ጥቁር ነርስ የሆኑ ሲሆኑ፥ በዚያን ቀን ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ከኖሩ በኋላ የሙያ እኅቶቻቸውን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው አዩ። በ1911 ማኅበሩ የዕድሜ ልክ አባል አደረጋቸው። እንዲህ ያለውን ነገር በደመወዝ መዝገብ ላይ በየትኛው ዐምድ እንደሚጽፉት አናውቅም፤ ነገር ግን ዋጋ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም።

በ1916 የፕሬዚዳንትነቱ ሥራ ለወይዘሮ ቶምስ ተሰጠ፤ እስከ 1923ም ድረስ ያዙት። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ወደ ዓለም ጦርነት ገብታ ነርሶች እየተፈለጉ ሳለ፥ የጦር ሠራዊቱ ነርሶቹን በቀይ መስቀል በኩል ይወስድ ስለ ነበረ፥ ጥቁሮቹ ነርሶች ግን በዚያ መዝገብ ላይ አልነበሩም። ወይዘሮ ቶምስ ደብዳቤ መጻፍና ደጅ መጥናት ጀመሩ። በ1918 የመጀመሪያይቱ ጥቁር ነርስ በቀይ መስቀል ተመዘገበች። በዚያው ዓመት የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዓለሙን በመታ ጊዜ፥ በዲሴምበር ወር 18 ጥቁር ነርሶች በኦሃዮና በኢሊኖይ ወደ ነበሩ ሁለት የጦር ሰፈሮች ተላኩ። ጦርነቱ አልቆ ነበር፤ ቍጥራቸውም ጥቂት ነበር። ነገር ግን በር አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ «ከዚህ በፊት ሆኖ አያውቅም» ብሎ መከልከል አይቻልም።

ማኅበሩ ቋሚ ጸሐፊ አድርጎ ወይዘሮ ሜብል ስቶፐርስን የቀጠረው በ1934 ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ሥራ ሲካሄድ የነበረው አባሎቹ ከሥራቸው በሚተርፋቸው ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ ኤስቴል ኦስቦርን ሲሆኑ፥ እርሳቸው በ1931 ከአሜሪካ ጥቁር ነርሶች መካከል የማስተርስ ዲግሪ የተቀበሉ የመጀመሪያይቱ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፥ በ1941፥ የጦር ሠራዊቱ የሚቀበላቸውን ጥቁር ነርሶች በ56 ወሰነ። ወይዘሮ ስቶፐርስ ይህን ወሰን ሳይሰለቹ ተከራከሩት፤ በ1944 በኖቬምበር ወር ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት ጕዳዩን ፊት ለፊት አስረዱ። በ1945 በጃኑዋሪ ወር የጦር ሠራዊቱ ነርሶችን ያለ ቀለም ልዩነት እንደሚቀበል አስታወቀ። በ1948 ወይዘሮ ኦስቦርን በአሜሪካ ነርሶች ማኅበር የዳይሬክተሮች ጉባኤ ውስጥ ተመረጡ። በ1951 ደግሞ የጥቁር ነርሶቹ ማኅበር «የተነሣንበት ጕዳይ ተፈጽሟል» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ፈረሰ። ሹመት ያለበት ማኅበር በገዛ ፈቃዱ ሲፈርስ ማየት በማንም አገር ብርቅ ነው።

አሁን ከላይ አስተውሉልን ወዳልነው ቃል እንመለስ። እነዚያ 52 ሴቶች በ1908 «መሪዎችን ለማፍራት» ብለው ሲጽፉ፥ መሪ የሚሠራበት ሌላ ስፍራ አልነበራቸውም። አንዲት ነርስ በሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት ብትሠራ፥ ሒሳብ ለመመርመር፥ በሺህ ሰው ፊት ለመናገር፥ ለመንግሥት ሹም ደብዳቤ ለመጻፍ፥ የተጣሉትን ለማስታረቅ ዕድል ላታገኝ ትችላለች። በማኅበሩ ውስጥ ግን የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ የጀመረችው ሴት በስምንት ዓመት ውስጥ ከቀይ መስቀል ሹማምንት ጋር ስትከራከር ትገኛለች። ወይዘሮ ቶምስ በ1929 የጥቁር ነርሶችን ታሪክ የሚናገረውን የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በማኅበሩ ያገኙት የብዙ ዘመን ዕውቂያ ባይኖራቸው ኖሮ ይህ መጽሐፍ ሊጻፍ ይችል ነበር ብለን አናምንም። ወይዘሪት ፍራንክሊንም ቢሆኑ በእርጅና ደጃፍ ላይ ሳሉ፥ በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በሊንከን ሆስፒታል የስድስት ወር ተጨማሪ ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያም በከተማው ትምህርት ቤቶች ነርስ ሆነው ሠሩ። የሊንከን ሆስፒታል ማለት ከብዙ ዓመት በፊት የደብዳቤያቸውን መልስ የሰጡት ሴቶች ቤት መሆኑን ልብ ይሏል። በ1968 ሲሞቱ 97 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ነገር በአጭሩ እንጨምር። የዓለም ነርሶች ጉባኤ በ1899 በለንደን ሲመሠረት፥ ላቪኒያ ዶክ የሚባሉ አሜሪካዊት ነርስ ጸሐፊ ሆነው እስከ 1922 ድረስ አገለገሉ። ሥራቸውም ከየአገሩ ነርሶች ጋር መጻጻፍ ነበር። ይህ መጻጻፍ ለሌላ ሰው አሰልቺ የቢሮ ሥራ በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን የየአገሩ የነርስነት ሥራ እንዴት እንደሚመራ በዚሁ መንገድ ስላወቁ፥ ከሌላ ደራሲ ጋር በ1907 በጀመሩት የነርስነት ታሪክ ላይ በ1912 ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥራዝ ለመጨመር ቻሉ። ዛሬ ያ ጉባኤ መቀመጫውን በጄኔቫ አድርጎ ከ130 የሚበልጡ የየአገሩ ማኅበራትን ያስተባብራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የነርስነት ሥራ ክብር እንዲያገኝ ብዙዎች ደክመዋል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛይቱም ተማሪ የነርስ ልብስ ለብሰው መማራቸው፥ ይህ ሥራ ለባለጸጋ ልጅ አይገባም ይሉ ለነበሩት መልስ ሆኗል። የሙያው ክብር ግን በአንድ ሰው ምሳሌነት ብቻ ጸንቶ አይኖርም፤ በየዓመቱ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበር በ1992 የተመሠረተው ለዚህ ነው። አዋላጆቻችን ከዓለም አዋላጆች ኅብረት ጋር የሚገናኙትም በዚሁ ማኅበር በኩል ነው።

የአዋላጅን ነገር በተለይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋላጅ በገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ልትሆን ትችላለች። ሌሊት ነው፤ ከደጅ የወላዲቱ ዘመዶች «ማርያም፥ ማርያም» ይላሉ፤ ልጁ በደኅና ተወልዷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች መካከል ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ዋነኛው መሆኑን አዋላጅ ሁሉ ታውቀዋለች። የሚያስቸግረው ደሙ ከልክ ማለፉን በጊዜ ማወቁ ነው፤ በጨርቅና በወለል ላይ የፈሰሰ ደም በዐይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላልና።

በ2023 የታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ በኬንያ፥ በናይጄሪያ፥ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ባሉ 80 ሆስፒታሎች ተደርጎ ነበር። በዚያ ምርመራ ከወላዲቱ ሥር የሚነጠፍና ደሙን የሚያጠራቅም፥ መለኪያ መሥመር ያለው ላስቲክ ተሰጠ። ደሙ ከተወሰነው መሥመር ሲደርስ ማሕፀንን ማሸት፥ ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፥ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም አቋሚ፥ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ፥ መንሥኤውንም መመርመር፥ ይህ ሁሉ ተራ ሳይጠብቅ በአንድነት እንዲደረግ ታዘዘ። ብርቱው የደም መፍሰስና ከእርሱ የሚከተለው አደጋ በ60 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህን ያደረገው ውድ መኪና ወይም አዲስ መድኃኒት አለመሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉ፤ የታወቀውን ነገር በጊዜውና በአንድነት ማድረግ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደዚያች ብቻዋን ወዳለችው አዋላጅ በምን መንገድ ይደርሳል? በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሊደርስ ይችላል፤ መድረሱም ደግ ነው። ነገር ግን ትእዛዝ ጥያቄ አይመልስም። «ላስቲኩ ባይኖረኝስ? ብቻዬን ብሆንስ? በየትኛው እጄ ምን ልያዝ?» ብላ ልትጠይቅ የምትችለው እንደ እርሷ ብቻዋን ሌሊት የሠራችን ሴት ነው። በማኅበር ስብሰባ ላይ ሻይ እየጠጡ የሚደረገው ጨዋታ ከመድረኩ ንግግር ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። በስብሰባው የተዋወቀቻት ባልደረባ የስልክ ቍጥር በሌሊት የሚያገለግል መሣሪያ ይሆናል። ስብሰባውን ያዘጋጀችው፥ አዳራሹን የለመነችው፥ ወንበሩን የደረደረችው አባል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ታውቃለች፤ ብዙ ሰውም ያውቃታል። የሥራ ዕድገት በሚመጣበት ጊዜ ይህ መታወቅ ምን ያህል እንደሚረዳ መናገር አያስፈልግም፤ ቃሏን ጠብቃ ሥራ ስትፈጽም ያዩዋት ሰዎች ምስክሮቿ ናቸውና።

አዲስ ገቢ የሆነች አባል ከምን ሥራ ብትጀምር ይሻላል ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፥ እኛ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊነትን እንመርጣለን። ብዙዎች ይሸሹታል፤ አድካሚ ነው፥ ጭብጨባም የለበትም። ነገር ግን ሰባት ሰው አንድ ሰዓት የተናገረውን በአንድ ገጽ ለመጻፍ የምትገደድ ሴት፥ ዋናውን ነገር ከትርፉ መለየትን ሳታስበው ትማራለች። ይህ ችሎታ በሆስፒታል የሕመምተኛን ታሪክ ስትጽፍ፥ በትምህርት ቤትም ለወላጅ ስታስረዳ ያገለግላታል። ከዚህም በላይ የማኅበሩን አሮጌ መዝገብ የምታነብ እርሷ ናት፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ተሞክሮ የቀረውን ነገር አዲስ ሐሳብ መስሏቸው ለሚያመጡት ሰዎች ታሪኩን የምትነግራቸውም እርሷ ናት።

ገንዘብ ያዥነት ሌላ ትምህርት ነው። የራስን ብር ማጥፋት ቀላል ነው፤ የመቶ ሰው መዋጮ ይዞ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ደረሰኝ ማቅረብ ግን ሰውን ያርማል። አንዳንድ እመቤቶች ከማኅበሩ ሒሳብ አያያዝን ተምረው የቤታቸውን ወጪ በደብተር መጻፍ ጀምረዋል፤ ባሎቻቸው ይህን ሲያዩ የእሑዱን ስብሰባ ያን ያህል እንዳልጠሉት ሰምተናል። ይህን ስንል ግን የማኅበርን ገንዘብ በገዛ ቦርሳ ከራስ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ መያዝ የወዳጅነትን ቤት የሚያፈርስ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም። ሒሳቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት።

ደግሞም ሁሉን አሞግሰን ብንተው እውነተኛ ነገር አልነገርንም። ለስሙ ብቻ ሹመት የሚፈልግ አለ፤ ስሙ በደብዳቤው ራስ ላይ ከታተመለት በኋላ በስብሰባ አይታይም። ከእርሱ የምትብሰው ግን እምቢ ማለትን የማታውቀው ደግ አባል ናት። መዝገቡን እርሷ ትጽፋለች፥ አዳራሹን እርሷ ትለምናለች፥ እንግዳውን እርሷ ትቀበላለች፤ ሌሎቹም ይህን አይተው እጃቸውን ይሰበስባሉ። በሁለተኛው ዓመት ትታመማለች ወይም ትቈጣለች፤ በሄደችም ጊዜ ማኅበሩ አብሯት ይወድቃል፤ የወንበሩ ቍልፍ እንኳ የት እንዳለ የሚያውቅ የለምና። የዚህ ጥፋት የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ሥራን በዘመን ያልወሰነ ማኅበር ራሱ ያመጣው ነው። ሹመት ሁሉ ለሁለት ዓመት ተወስኖ፥ ተሿሚዋ ከመውረዷ በፊት ተተኪዋን ስድስት ወር አጠገቧ አስቀምጣ እንድታስተምር ቢደረግ መልካም ነው።

በቤትስ ምን ይደረግ? ባልየውን በክርክር ለማሸነፍ መሞከር እንደማይጠቅም እናምናለን። ይልቁንም አንድ ቀን አብሯት እንዲሄድ ብትጋብዘው፥ ለምሳሌ አዋላጆች በየዓመቱ በሜይ 5 ቀን፥ ነርሶችም በሜይ 12 ቀን በዓላቸውን በሚያከብሩበት ጊዜ፥ ሚስቱ በሰው ፊት ቆማ ስትናገር ይሰማል፤ ከእርሷ የሚበልጡ ሰዎች በአክብሮት ሲጠሯትም ያያል። በቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ የሚያያት ሰው ይህን ሌላ መልኳን ከየት ሊያውቀው ይችላል? ልጆችም ቢሆኑ እናታቸው ከራት በኋላ በጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትጽፍ ሲያዩ፥ መጻፍ የትምህርት ቤት ቅጣት አለመሆኑን ይረዳሉ። ትልቂቱ ልጅ ፖስታውን ብታሽግ፥ ትንሹ ቴምብሩን ቢለጥፍ ሥራውም የቤተሰብ ሥራ ይሆናል።

ወደ ሙያ ማኅበሯ ለመግባት ያሰበች እመቤት ብትኖር፥ መዋጮዋን ከፍላ ከተመዘገበች በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ ወደ ጸሐፊዋ ቀርባ «እጅ ያነሰበት ሥራ የትኛው ነው?» ብላ ትጠይቅ። መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ አንድ ሥራ ብቻ ትቀበል፤ አንድ ስብሰባ ማዘጋጀት ወይም የአባሎችን ስምና አድራሻ አንድ ጊዜ አጣርቶ መጻፍ ይሆናል። ወደ ቤቷም ስትመለስ የስብሰባውን ቀንና ሰዓት፥ የምትመለስበትንም ሰዓት ጽፋ በግድግዳው ላይ ትስቀል፤ በተጻፈውም ሰዓት ትመለስ።